ሁለት ግራ እጅጌ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይይዝዎታል? ያ የጓሮ በር ተሠራ ወይስ እስካሁን በድንጋይ እያስደገፉት ነው የሚያድሩት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልዎት እንደ ሌላ ጊዜው ለወግ ያህል አይደለም፤ የእውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ምን አስደሰታት ብለው ግንባርዎን ሲቋጥሩ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ይቋጥሩት፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

መልእክትዎ ደርሶኛል። ልጄን በእሁዱ አውቶቡስ ስደጂልኝ ብለዋል። "አንቺ ራስሽን ሳትችይ ደግሞ ሰው ልታስጠጊ ነው?" ያሉትም ደርሶኛል፤ የአውቶቡሱ ሹፌር አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ ሰው ፊት፣ በእርስዎው ድምፅ ነው ያደረሰልኝ። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። መልሱን ግን ለሹፌር አፍ አልሰጥም ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

ልጅዎ ደህና ናት። የመጣች ሰሞን አትናገር፣ አትበላ፣ ሰው ቀና ብላ አታይ። ከምትተክዝ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም ወደምንሰፋበት ቤት ይዣት ገባሁ፤ ከእኔ ጎን የስፌት መኪና ተሰጣት። እትዬ፣ እጇ እኮ ወርቅ ነው! ይህን ስነግራት የማሾፍባት መስሏት ፊቷን አዞረች።

አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ጃኬት ላይ ሁለቱንም የግራ እጅጌ ገጠመችበት። ይህ የእኛ የሰፊዎች ስሕተት ነው። እጅጌ ግራና ቀኝ እንዳለው ሌላው ሰው ልብ አይልም፤ ለባሹ ብቻ ቀኝ ክንዱን ሲዘረጋ ጨርቁ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጨርቅ ቆራጫችን፣ ምላሱ ከመሣሪያው ስለሚብስ መቀስ ነው የምንለው፣ ጃኬቱን አንስቶ አየና "ምነው፣ ትምህርት ቤቱ ቀኝ እጅ ያለው ልጅ አልቀበልም አለ እንዴ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ቀልዱን ጥሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ለራሷ በሹክሹክታ፣ "ድንጋይ! እጅሽ ይቆረጥ! አንቺን ብሎ ሰው!" ስትል ሰማኋት። ቀኝ እጇም ቀስ ብሎ በግራ እጅጌዋ ውስጥ ገባ።

እነዚህን ቃላት ያውቋቸዋል። ቅደም ተከተላቸው እንኳ አልተዛባም፤ መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ እጁ፣ መዝጊያው "አንቺን ብሎ ሰው"። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደጉኝ በእነሱ ነው። ያበሉኝን አልረሳም፣ ያለበሱኝን አልረሳም፤ አብሮ የመጣውንም አልረሳሁም። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ክር በተበጠሰ ቁጥር ለራሴ ስላቸው ኖርኩ። እርስዎ እዚያ አርፈው ተቀምጠው፣ እኔ እዚህ ሥራዎን ስሠራልዎት!

የዚያኑ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሸሚዝ ልስፋልሽ ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ልለካት እጅጌዋን ልሰብስብ ስል አለቀሰች። ግራ ክንዷ ጠቋቁሯል። ማንም አልመታትም። እርስዎም እጅዎን አንስተውባት አያውቁም፤ ይህን የትም እመሰክርልዎታለሁ። ጥቁረቱ ቀኝ እጇ ለመቆንጠጥ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ምን ሆነሽ ነው አላልኳትም። መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። አማካሪዋ ልጅ እግር ናት። ሁሉንም ከሰማች በኋላ ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን አስተውሉ አለችን። አፌ መቼ ያርፋል፣ "መተንፈስማ ከተወለድኩ ጀምሮ እችልበታለሁ፤ ለዚህ ነው ወረፋ ስጠብቅ የዋልኩት?" አልኳት። ሳቀችና "ራስዎን መሳደብም ይችሉበታል፤ አንድ ቀን ቆም ብለው አዳምጠውት ያውቃሉ?" አለችኝ። ቀጥላም፣ ልጅቷ እጅጌ ስታበላሽ ምን አሏት ብላ ጠየቀችኝ። "አይዞሽ፣ ይተረተራል" ነዋ ያልኳት፣ አልኩ። "እሱኑ ለራስዎ ይበሉት" አለች።

መድኃኒቱ ይኸው ነው። ቀላል ከመሰለዎት ይሞክሩት። መጀመሪያ ጊዜ ራሴን አይዞሽ ስል የሰው ዕቃ የሰረቅሁ መሰለኝ፤ እርስዎ የቆሙ መስሎኝ ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

አሁን አንዳችን ስንሳሳት ሁለታችንም እግራችንን ከመርገጫው አንስተን መሬት እናስነካለን። መኪናው ዝም ይላል። ትንፋሻችን ሲገባ ሲወጣ እንሰማዋለን። ስድቡ መምጣቱን አልተወም፤ መጣህ እንግዲህ እለዋለሁ፣ ወንበር ግን አልስብለትም። ከዚያ መተርተር ነው። መቀስ "እነዚህ ሴቶች ተቀምጠው መተኛት ለመዱ" ይላል። ይበል።

ስለዚህ እሁድ አውቶቡሱን አይጠብቁ። አልሰዳትም፤ እሷም አትመጣም። አሁን ምን እያሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔው ለራሴ ስለው ስለኖርኩ አይድከሙ። ባለፈው ሳምንት ለራሷ ሸሚዝ ሰፋች። እጅጌው አጭር ነው። ለብሳው ሥራ ገባች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ማድ ቤት ውስጥ ድስት ወድቆብዎት ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ድንጋይ፣ እጅሽ ይቆረጥ፣ አንቺን ብሎ ሰው፣ እያሉ ሰማሁ። ማንን ነው ብዬ አጮልቄ ባይ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። ደግሞም በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ልብስ ሲያጥቡ እንኳ፣ እጅጌዎን ሰብስበው አይቼዎት አላውቅም። ያኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ተቀይሜዎታለሁ፤ ቅያሜዬ ገና አላለቀም፣ አለቀ ብዬ አልዋሽዎትም። ሸሚዝ ግን ልንሰፋልዎት ጨርቅ ገዝተናል፤ ልጅዎ ኮሌታውን፣ እኔ ቀሪውን። የትከሻዎን ልክ አልረሳሁትም። እጅጌውን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ረጅም ይሁን ወይስ አጭር?

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ እንቅልፍዎን ያጣፍጥልዎ፤ ብቻዎን ሲሆኑም ደግ ቃል ያሰማዎ።

ታናሽ እህትዎ