የአቶ ኤልያስ ሀብተጊዮርጊስ ሕይወትና ያልታረመው ዜና

አቶ ኤልያስ ሀብተጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውብነሽ ሐምሌ 5 ቀን 1957 ዓ.ም. በጅማ ከተማ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም ከፊደል ቀጥሎ ያስተማሯቸው የሰው ጽሑፍ ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ ጮክ ብሎ ማንበብን ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በጅማ አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1977 ዓ.ም. በጅማ አቅራቢያ ባለችው በሰቃ ተመደቡ። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል፤ ኦሮምኛን እንደ አፍ መፍቻቸው መናገር የለመዱትም እዚያው ነው። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰሎሜ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዮርዲንና ፍሬአብን ወለዱ።

በ1999 ዓ.ም. «የአወቱ ድምፅ» የተባለው የኤፍ ኤም ጣቢያ ሲከፈት በሪፖርተርነትና በዜና አንባቢነት ተቀጠሩ። ከአጋሮ እስከ ሰቃ ድምፃቸውን የማያውቅ አልነበረም። በጣቢያው ደንብ ዋናው አዘጋጅ ያልፈረመበት ዜና አይነበብም፤ ከተፈረመበት ደግሞ አንባቢው አንዲት ቃል አይነካም። አቶ ኤልያስ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ አዲስ የሚቀጠሩትንም «የተፈረመበት ይነበባል እንጂ አይነካም» እያሉ ያስተምሩ ነበር። ይህን የምንጽፈው ለሙገሳ አይደለም። ኋላ ዕድሜያቸውን የበላው ይኸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. የምርጫ ቅስቀሳ የግል ተወዳዳሪው አቶ ሙኒር ጅማ ላይ በጠሩት ስብሰባ «ነጋዴ ሆዱ እንጂ ጭንቅላቱ አያስብም» ብለው ተናገሩ። ንግግሩን ቀድተው ዜናውን የጻፉት አቶ ኤልያስ ናቸው። ስድብ ነበርና ስድብ ነው ብለው ጻፉ። ጣቢያው ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በአቶ ሙኒር ድምፅ አሥራ አንድ ቀን አሰማ፤ ሽማግሌ ጠርቶ አወያየባት፤ አድማጭ በስልክ እያስገባ ሰውየውን አሰደበ። አቶ ሙኒር በማግስቱ ይቅርታ መጠየቃቸው ግን አንድም ቀን አልተነገረም።

በሳምንቱ ሌላው ተወዳዳሪ፣ የጣቢያው ባለቤቶች ወዳጅ የሆኑት፣ ሰቃ ላይ ቅስቀሳ አደረጉ። ከመድረኩ ፊት ከደቡብ መጥተው በቡና ለቀማ የሚተዳደሩ ሴቶች ቆመው ነበር። ተወዳዳሪው ከመካከላቸው ወደ ወ/ሮ ዘነቡ በጣታቸው እያመለከቱ፣ በሰው ፊት ለሴት ልጅ የማይባል ቃል ተናገሩ። ሕዝቡም ሳቀ። አቶ ኤልያስ ይህንንም ቀዱ፤ እንደ ፊተኛው አድርገውም ጻፉት። ዋናው አዘጋጅ ግን ሰርዘው «ተወዳዳሪው ከቡና ለቃሚ ሴቶች ጋር በቀልድ የተዋዛ ቆይታ አደረጉ» ብለው በሌላ ወረቀት ጻፉና ፈረሙበት። አቶ ኤልያስ ወረቀቱን ይዘው ወደ ስቱዲዮ ገቡ፤ እንዳለም አነበቡት።

ወ/ሮ ዘነቡ ዜናውን የሰሙት ቡና መጋዘን ውስጥ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ነው። በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ ጠብቀው «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እዚያው ቆመው ነበር፤ ቀልድ ነው እንዴ እሱ?» አሏቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬዲዮው ስድብ ነበር ብሎ እንዲናገርላቸው። አቶ ኤልያስ ቃል ገቡላቸው።

ማስተካከያ እንዲነበብ ዘጠኝ ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ። መጀመሪያ፣ ምርጫው ይለፍ ተባሉ። ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ፣ ያለፈ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል ተባሉ። እስከዚያው ቃሉ የወ/ሮ ዘነቡ መጠሪያ ሆነ፤ ገበያ ላይ ሳይቀር ይጠሯቸው ጀመር። ልጃቸው ታቢታም በዚያው ስም ክፍል ውስጥ ስለተጠራች ትምህርቷን ከስምንተኛ አቋርጣ እናቷ አጠገብ ቡና ለቀማ ገባች። ተወዳዳሪው አሸነፉ።

አቶ ኤልያስ በ2014 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም። በየወሩ ሰቃ ወርደው ታቢታን ላስጠናት እያሉ ይለምኑ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን እሺ አላለቻቸውም። ባለቤታቸው ተው እርሳው ሲሏቸው «በእኔ ድምፅ ነው የሰሙት» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቻቸውም ሰለቸን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰልችቶን ነበር።

የስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ጎድቶ ባለፈው መስከረም አልጋ ያዙ። የተናዘዙት ስለ ንብረት አይደለም። ያኔ የተሰረዘው ዜና እሳቸው እንደጻፉት፣ ቃሉም ሳይቀር፣ በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲነበብላቸው ነው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ዜናውን ጽፈነው ነበር። ትናንት ግን የዕድሩ ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ድንኳን ድረስ መጥተው፣ ተወዳዳሪው ዘንድሮም እንደሚወዳደሩ፣ ለቀብርተኛው ሁለት አውቶቡስ እንዳዘዙና ራሳቸውም እንደሚገኙ ነገሩን። ፍሬአብ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ልጆች ያሳድጋል። ተከራከርን፤ አለቀስን፤ በመጨረሻ ዜናውን ከዚህ ጽሑፍ አወጣነው። የሰውየውን ስም እንኳ አልጻፍንም። የአቶ ሙኒርን ስድብ ግን ከነስማቸው ሙሉውን አንብበናል፤ እሱን አውጡት ያለን ሰው የለም።

አቶ ኤልያስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን አቶ ጥላሁንን ትተው ተለይተውናል። የሰውን ዕዳ ሁሉ በምሕረቱ የሚሸፍን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ቃላቸውን ያልጠበቅነውን እኛንም ይቅር ይበለን።

ወ/ሮ ዘነቡ ከሰቃ ድረስ የመጡት ዜናው ዛሬ ይነበባል ብለን እኛው ጠርተናቸው ነው። ከልጃቸው ጋር ከኋላ ቆመው እየጠበቁ ነው።