አዩብ ያረፈበት መንደር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መድኃኒት ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መደርደሪያው ላይ ታጠራቅሚዋለሽ? ረሒማና ልጆቿስ? ዝናቡ ገባላችሁ? በርበሬው ዘንድሮስ ከበሽታ ተረፈ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ይኼን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ከቢር ይባላል። እዚህ በዙሉዎቹ አገር፣ ጻካኔ፣ ከእኔ ሱቅ አለፍ ብሎ ይነግድ የነበረ የዳሎቻ ልጅ ነው። ሱቁን ሁለቴ ዘረፉትና በቃኝ ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። እባክሽ አብይው፤ እምቢ ቢልም አብይው፣ ሲያፍር ነው እምቢ የሚለው። በስልክ መናገር እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ እኔ ደግሞ ደንበኛ መጣብኝ እልና እዘጋለሁ። ብዙውን ጊዜ ደንበኛ አልመጣም።

ረሒማ እህቴ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራ፣ እንዳትዘልዪ። የሚያስለቅሰው ጋ ስትደርሺ «እዚህ ላይ ጽሑፉ ተፋቀ» እንዳትይ፤ አውቅሻለሁ።

እማ፣ ባለፈው ስንነጋገር «ልጄን የበላው መሬት ምን ዓይነት ነው? ሰው ይኖርበታል ወይስ ጫካ ነው?» አልሽኝ። ቀጥለሽ ያልሽኝንም አልረሳሁም። «የወንድምህን ሚስት አንተ ውሰዳት፤ ልጃቸውንም ይዘህ ሁላችሁም ኑ» ብለሽኛል። አጎቴም ደውሎ ይኼንኑ ደገመልኝ፤ «ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል፣ የአባትህ ዘር ባዕድ አገር አይቀርም» አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ፤ ዝም ማለቴ ከንቀት አይደለም። አሁን እመልስልሻለሁ። ግን አስቀድሜ መንደሩን ልንገርሽ፤ መንደሩን ካላወቅሽው መልሴ አይገባሽም።

እንደምታውቂው ለቀብሩ አልሄድኩም። የእኔ ፔፐር፣ የጥገኝነት ወረቀቴ ማለት ነው፣ እዚህ ያኖራል እንጂ ወጥቶ አያስመልስም፤ አንዴ ከወጣሁ ወጣሁ ነው። ወንድሜ አዩብ ሲቀበር አንድ እፍኝ አፈር አልመለስኩበትም። ይኼን ስጽፍ ያንገበግበኛል። መንደሩን ግን ሎኬሽን ከሚሉት ከዚህ የጥቁሮች ሰፈር ሆኜ አሳምሬ አውቀዋለሁ። እዚህ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሲቀዘቅዝ፣ እነሱ ጋ ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ነው። አዩብ በዚያ ሰዓት ይደውልና ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ መንደሩን ያዞረኝ ነበር። እኔ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጥኩ፣ በአንድ ዓይኔ ከእሱ ጋር እዞራለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አገሩ አቼ ይባላል፤ የኢንዶኔዥያ ጫፍ ነው። መንደሩ ደግሞ ብላንግ ፒነንግ። በስተሰሜን ባሕር፣ በስተደቡብ ጫካ የለበሰ ተራራ፣ መሐሉ ሜዳ ሆኖ የሩዝ ማሳ ነው። ሩዙ የሚበቅለው ውሃ ውስጥ ነው። አዩብ መጀመሪያ የደረሰ ዕለት ጎርፍ የገባበት ማሳ መስሎት «ምስኪኖች፣ ዓመቱን በምን ሊወጡት ነው» ብሎ አዝኖላቸዋል። ከትልቁ መንገድ ተገንጥላ የምትገባ ጠባብ አስፋልት አለች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ የፒነንግ ፍሬ ሰንጥቀው ያሰጡባታል፤ ሞተሩም ፍየሉም በመሐል እየተሹለከለከ ያልፋል። ፒነንግ ማለት ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቀጭን ዘንባባ ነው፤ ፍሬውን ሽማግሌዎቹ እኛ ጫት እንደምንቅመው ያኝኩታል፣ የተረፈውን ለነጋዴ ይሸጣሉ። ሙዝ በየጓሮው አለ። አዩብ ከሩቅ ሲያየው የአንቺን እንሰት እየመሰለው ልቡ ይደነግጥ እንደነበር ነግሮኛል።

መሐል ላይ የጋራ መስገጃቸው አለ። ልጆቹ ቁርአን የሚቀሩት፣ ሽማግሌዎቹ የተጣላ የሚያስታርቁት፣ ያላገቡት ጎረምሶች የሚያድሩት እዚያው ነው። አጠገቡ ወንዶቹ ቡና የሚጠጡበት ዳስ አለ፤ ፈጅር ሰግደው ይቀመጡና ዓለምን ሁሉ አስተካክለው ሲጨርሱ ወደ ማሳቸው ይሄዳሉ። አዩብ ቡና የተገኘው እኛ አገር ነው ቢላቸው በሳቅ ሞቱ፤ የእነሱ ነው የሚመስላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «የቡናው አባት» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ስሙን ከሚጠሩት ይልቅ በዚህ የሚጠሩት ይበዛሉ። እሱም ደስ ይለው ነበር።

ማርዲያናን በስም ታውቂያታለሽ። አዩብ ጂዳ ሾፌር ሆኖ በሚሠራበት ቤት እሷ ልጅ ጠባቂ ነበረች። የዚያች መንደር ሰው ናት። ለምን ወደ እናንተ እንዳላመጣት ብዙ ጊዜ ታዝነሽበታል፤ አስማት አደረጉበት ያሉም ነበሩ። አስማት አይደለም እማ፣ ወጋቸው ነው። እነሱ ጋ ሴት ልጅ ስታገባ ወላጆቿ ቤቱን ይለቁላታል፣ ባል ልብሱን ይዞ ይገባል። የማርዲያና እናት የኖረችበትን ቤት ለልጇ ሰጥታ ራሷ ከጓሮ ትንሽ ቤት ሠርታ ወጣች። ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የድሮ ቤት ነው፤ ሥሩ እህል ይቀመጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሚስትን በቋንቋቸው የቤቱ ባለቤት ነው የሚሏት። እኛም ባለቤቴ እንላለን፤ እነሱ ግን የምራቸውን ነው።

ወንዱ ታዲያ ዝም ብሎ አይኖርም። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዒዶቹም ሲደርሱ፣ ባል ሥጋ ገዝቶ ለሚስቱ እናት ቤት ካላስገባ መንደር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። የእኛ ልጅ ደግሞ ሥጋ ላይ ማን ይደርስበታል! በመጀመሪያው ዓመት ገበያ ወርዶ ሻኛውን፣ ታፋውን ራሱ መረጠ፣ ጅማቱን ራሱ ገፈፈ፣ ራሱ ከተፈ። አማቱን ሊያስደስት ብሎ ሚጥሚጣውን ከጂዳ ጓደኛው አስልኮ፣ ቅቤ ባያገኝ በኮኮናት ዘይት ለውሶ ክትፎ ሠርቶ በትልቅ ሰሃን አቀረበላቸው። እነሱ ሥጋ ከጠዋት እስከ ማታ በቅመም ሲቀቅሉ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አማቱ ሰሃኑን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ምስኪኑ ልጅ እሳት ማንደድ አፍሮ ነው ብላ አዘነችለትና ወስዳ ድስት ውስጥ ገለበጠችው! አዩብ ይኼን ሲነግረኝ ከሳቁ የተነሣ መናገር አቅቶት ነበር። እኔም ስስቅ ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉት ሰዎች በፍርግርጉ እያዩኝ አብረውኝ ይስቁ ጀመር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

የሚቀጥለው ነው የሚከብደው፤ ረሒማ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ዝናብ፣ ሞተር፣ የጭነት መኪና፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ያልነገርኩሽ፤ እኔም የሰማሁት ቆይቼ ነው። እነዚያ ሰዎች ብዙ መከራ አይተዋል። ጦርነት ነበረባቸው። በኋላ ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ዳር ያሉትን መንደሮች ጠርጎ ወሰደ። የማርዲያና አባት ያን ጠዋት ዓሣ ሊገዛ ወደ ባሕሩ ወርዶ ነበር፤ ሬሳውም አልተገኘም። ሚስቱ ግን በጓሮዋ፣ ከፒነንጎቹ ሥር፣ አንድ ቀን አጥንቱ እንኳ ቢገኝ ብላ ቦታ ከልላ ትጠብቀው ነበር። እነ አዩብ እዚያ ሲኖሩ ሁሉ ያ ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንም አይተክልበትም፣ ማንም አይረግጠውም ነበር። አዩብ የሞተ ቀን ሰዎቹ እንግዳውን የት እንቅበረው ብለው ሲመካከሩ አማቱ ወጣችና «እንግዳ አይደለም፤ የባሌ ቦታ ላይ አሳርፉት። እናቱ ሩቅ ናት፣ ለእሷ ብዬ እኔ አየዋለሁ» አለች። የነገሩኝን ነው የምጽፍልሽ።

ልጅሽን የበላው መሬት እንዲህ ያለ መሬት ነው፣ እማ። አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት፣ በራስጌውና በግርጌው ነጭ ድንጋይ አቁመውለታል። ሰባት ሌሊት ሙሉ ወንዶቹ እየመጡ ቁርአን ቀርተውለታል፣ ምግቡን ጎረቤት ሁሉ በየተራ አብስሏል። አማቱ በየጠዋቱ ቅጠሉን ትጠርግለታለች። እኔ እዚህ ብሞት ይኼ ሁሉ የሚደረግልኝ አይመስለኝም። አልቀናሁበትም ብል ውሸት ነው።

አሁን ወደ መልሱ። ሱቄ ያለበት ግቢ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናት፤ ጎጎ ነው የምንላት፣ በእነሱ አያት ማለት ነው። ሐዘን ላይ መሆኔን አይታ ጠየቀችኝና ያንቺን ትእዛዝ ነገርኳት። «እኛ ዙሉዎችም ጋ ይኼ ወግ አለ፣ ወንድም የወንድሙን ቤት ያቆማል» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን በፍርግርጉ አስገብታ ደረቴን ነካችና «ሴትየዋን ጠይቃችኋታል?» አለች። አጎቴ ተጠይቋል፣ ሽማግሌዎቹ ተጠይቀዋል፣ እኔም ተጠይቄያለሁ። ማርዲያናን የጠየቃት የለም።

ኢዳዋ፣ የሐዘን መቆያዋ፣ ካለቀ ቆይቷል። አዩብ ካለፈ ወዲህም ያ የእኩለ ቀን ጥሪ አልቀረም፤ ልጁ ሀይፋ አጎቴን ካላየሁ እያለች እናቷን ታስቸግራታለች። ወንድሜ ከአማርኛ «እሺ» ማለትን ብቻ አስተምሯት ነው የሄደው፤ የምላት ባይገባትም «እሺ» ትለኛለች። አንድ ቀን ልጅቱን ወደ አያቷ ላክኋትና ማርዲያናን በዚያች በጂዳዋ አረብኛዋ፣ እኔም ሜይፌር ከሚባለው ሰፈር ነጋዴዎች በለቃቀምኳት አረብኛ፣ ጠየቅኳት። እናቴ እንዲህ ትላለች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አልኳት። ከዚያ «ከዚህ ቤት አልወጣም። ትናንት የእናቴ ነበር፣ ነገ የሀይፋ ነው። አዩብም ከጓሮ ነው ያለው፤ ለማን ትቼው እሄዳለሁ? እኛ ጋ ሴት አትወሰድም፤ ወንድ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ሩዝ ትወዳለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ደክሞኛል፣ እማ። ሰውን በፍርግርግ ማየት ደክሞኛል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው፤ ምን ይዟል ብዬ። ፊቱን የማየው ሂሳብ ስመልስ ነው። ዕቃው መሐል ተኝቼ ዕቃው መሐል እነሣለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ቤት አልገባሁም፣ ማንም ና ግባ ብሎኝ አያውቅም። ይኼን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ እንድታውቂው ነው።

ሱቁን አብዱልሀፊዝ ለሚባል ልጅ አስረክቤያለሁ። ደህና ልጅ ነው፤ ለጎጎም ስኳሯን እንዳይከለክላት አስምዬዋለሁ። ፓስፖርቴን ከኤምባሲ ወስጃለሁ፤ ፔፐሩ ከእንግዲህ ለእኔ ምንም አያደርግልኝም። በር ላይ ለእኔ ብለሽ ያስቀመጥሽውን ቦታ ለረሒማ ስጫት፤ ቤት ትሥራበት። ጉልበትሽን የምታሽልሽ፣ ውሃሽን የምትቀዳልሽ እሷ ናት። ለሴት ልጅ ቤት መስጠት ነውር የለውም፤ የሚሰጡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ደህና ይኖራሉ። ረሒማ፣ አፍረሽ ይኼን እንዳትዘልዪው።

ትእዛዝሽን አልጣስኩም፣ እማ። ውሰዳት ብለሽኛል፤ ኑ ብለሽኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን አልቻልኩም፤ እሷ ካልመጣች የምሄደው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፤ ካልሆነልሽም ቆይተሽ ይቅር በይኝ።

ከእንግዲህ ስትደውዪልኝ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላቱ፣ በኋላ ሳትዘገዪ ደውዪ፤ እኔ ጋ ካንቺ ቀድሞ ይመሻል። ለአጎቴና ለሽማግሌዎቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የረሒማን ልጆች አንድ በአንድ ሳሚልኝ። አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በርበሬሽን ይባርክልሽ፣ የቀረነውን ሳታይ አይውሰድሽ። መንገዴን ቀና እንዲያደርግልኝ ዱዓ አድርጊልኝ።

ልጅሽ፣
የሀይፋ አባት