የመስኮቱ ሽማግሌ

ልጄ፣ የሆዴ ሰው፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል። እናትሽ ብትሰማኝ «ምነው፣ የሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ነገር ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ሁልጊዜው እሱ ውስጥ ተደብቄ እንዳልቀር ፈራሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። በየደብዳቤዬ «የእናትሽ ተክሎች ደህና ናቸው» እያልኩ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። መስኮቱ ላይ ያሉት፣ ከአንዱ በቀር፣ የእሷ አይደሉም። የእሷን ገድያቸዋለሁ። እነዚህን ገዝቼ በእሷ ሸክላዎች ውስጥ የተከልኳቸው እኔ ነኝ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ቀለል አለሽ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ። ያስቸገረኝ ዕረፍት ማጣት ነው። ብቀመጥ አያስቀምጠኝ፣ ብቆም አያቆመኝ። ሱቁን ከፍቼ አንድ ጫማ አነሳለሁ፤ ሶሉን ሳልለጥፍ አስቀምጠዋለሁ። ወደ ቤት መጥቼ መስኮቱን አያለሁ፤ ደግሞ ወደ ሱቅ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ስመላለስ አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሶል መለጠፉን ትተህ የራስህን መጨረስ ያዝክ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

ተክሎቹን እንዴት እንደ ገደልኳቸው ልንገርሽ። እናትሽ በሕይወት ሳለች እስቅባቸው ነበር። «ቁልቋል አጥር ነው፤ ሰው አጥሩን እቤቱ ያስገባል?» እላታለሁ። እሷም ቀና ሳትል «አንተንስ አስገብቼ የለ?» ትለኛለች። ካለፈች በኋላ ግን እዚህ ቤት ነፍስ ያለን እኔና እነሱ ብቻ ሆንን። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ አጠጣቸዋለሁ። ማታ ጸሎቴን አድርሼ አጠጣቸዋለሁ። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። ብርዱ ሲገባ እነሱም እንደሚተኙ፣ የተኛ ደግሞ ውሃ እንደማይሻ አላወቅሁም። እናትሽ ነግራኝ ሊሆን ይችላል፤ የነገረችኝን ሁሉ ሰምቻለሁ ብዬ አልምልም።

መጀመሪያ የሄደው ያ የሕፃን ጣት የሚመስለው ነው። በልጅነትሽ «ይቺ አውራ ጣት ናት፣ ይቺ ትንሿ» እያልሽ የምትነካኪው። አብጦ አብጦ አንድ ጠዋት ፈነዳ። ቀጥሎ ድንጋይ መሳዩ። ጠጠር የመሰሉት ሁለት ቅጠሎቹ በብርዱ ማለቂያ ላይ ሲጨማደዱ አየሁና ጠምቶት ነው ብዬ እጥፍ ሰጠሁት። ለካ ልማዱ ኖሯል። አሮጌዎቹ የሚጨማደዱት ከመካከላቸው ለሚወጡት አዲሶች ያላቸውን ውሃ እየሰጡ ነው። ልጆቹ የሚጠጡት ከወላጆቻቸው እንጂ ከእኔ ጣሳ አይደለም። እኔ ጣልቃ ገብቼ ሁለቱንም አበሰበስኩ።

ይህን የነገረችኝ ተክል ሻጯ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ጣሪያዋ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል አለቻት። ብርዱ ሊያልቅ፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር እንግዳ እንግዳ የሆኑትን ታስመጣለች። ቅጠሉ እንደ ሽቦ ሞላ የተጠማዘዘ አለ። እንደ አንጎል የተጣጠፈ አለ። እንደ ዝንጀሮ ጅራት ከሸክላው ተንጠልጥሎ የሚወርድም አለ። «መግዣው አሁን ነው፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ እርስዎ ቤት ይንቃ» ትላለች ለገዢው ሁሉ። መጀመሪያ ጣት መሳዩን ስገዛ ምንም አላለችኝም። ተመልሼ ያንኑ ስጠይቃት «ሌላ ቤት አለዎት እንዴ?» አለችኝ። ድንጋይ መሳዩን ፍለጋ ስመጣ ግን ያነሣሁትን ሸክላ ከእጄ ወስዳ «አባባ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መቼ መቼ ነው የሚያጠጡት?» አለች። ጠዋትና ማታ ብዬ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይሄ እኮ ዓሣ አይደለም» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። መንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ።

አንድ የእናትሽ ቀርቷል ብዬሻለሁ። ሽማግሌው ነው። አንቺ በተወለድሽ ዓመት አውራ ጣት አክሎ የገዛችው፣ አሁን ክንዴን የሚያህለው፣ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ጠጉር የለበሰው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠጉሩን እያበጠረች «ከአንተ ሽበት የእሱ ያምራል» ትለኝ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። ጠጉሩ የዋህ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለውን እሾህ የሚያውቀው የነካው ነው። ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ዝም ብሎ ስለ ቆመ ጠንካራ ነው ብዬ ነበር።

ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ሙቀቱ ሲገባ መጥተሽ ሽማግሌውን ወደ አዲሱ ቤትሽ እንደምትወስጂ፣ የሳሎኑ መስኮት ፀሐይ እንደሚገባው ስትጽፊልኝ፣ ደስ ብሎኝ ብሥራቱን ልነግረው ተነሣሁ። አትሳቂ፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ያወራል። ሸክላውን ላዞር ተክሉን ከሥሩ ስደግፈው ጣቴ ሰመጠ። ጠጉሩን ገለጥ ባደርገው ቡናማ ሆኗል፤ እንደ በሰለ ሙዝ ልሟል።

በጫማ ካርቶን አስተኝቼ ሻጯ ዘንድ ሮጥኩ። ገለጥ አድርጋ አየች፤ አሸተተችው። «ከታች በስብሷል። ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል» አለች። ይተርፋል ወይ አልኳት። «ዛሬ ከሆነ ላዩ ጤነኛ ነው። ነገ አላውቅም» አለችና ቢላዋዋን ከመሳቢያ አወጣች። ካርቶኑን ከፊቷ አነሣሁት። «ልጸልይበት» አልኳት። «ይጸልዩ አባባ። ግን ቢላዋውን ይዘው ይጸልዩ» አለች።

ልጄ፣ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ አልነበረም። ሐኪሙ በኮሪደሩ ላይ ስለ እናትሽ የቆሰለ ግራ እግር የተናገረው ይህንኑ ነው። ዛሬ ቢሆን ይሻላል ብሎኛል። እናትሽን ስጠይቃት «አንተ ያልከው ይሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እኔም ልጸልይበት አልኩ። ጸልያለሁ፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ከንፈሬ ሲጸልይ ልቤ የሚያስበው ጫማ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ የቆረጥኩት በጥንድ ነው። ለአንድ እግር ሰፍቼ አላውቅም። ሐኪሙ መልሴን ሲጠብቅ እኔ ሱቅ ሄጄ ለእናትሽ ጫማ ሰፋሁ። ለስላሳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ የማይቆረቁር። ለሁለቱም እግሯ። ጨርሼ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ ይዤላት ሄድኩ።

እሺ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና «ዘግይተዋል፤ ወደ ላይ ወጥቷል» አለኝ።

አንቺ ስትደውዪ «ሐኪሞቹ እያዩት ነው» ብዬሻለሁ። እውነት ነው፤ እያዩት ነበር። እኔም እያየሁት ነበር። ከቀብሩ በኋላ «እኛ ምን እናደርግ ነበር አባዬ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብለሽ ስታቅፊኝ ዝም አልኩ። ስለ ፈቃዱ ሲነሣ ሰው ሁሉ ዝም ይላልና የእኔ ዝምታ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ግን በጸሎቴ መካከል አንድ ነገር ያቋርጠኛል። ፈጣሪን ጠበቅሁ እላለሁ፤ ማን ያውቃል፣ እሱ እኔን ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል። ፍርሃቴን ጸሎት ብዬ መጥራቴን እሱ ያውቃል። አንቺ ግን አታውቂም ነበር።

ሽማግሌውን ከሻጯ ካመጣሁት ጀምሮ እዞረዋለሁ። ቡናማው በቆመበት ልክ በሰም የታሸ የጫማ ክር አሰርኩበት፤ ከዚህ ካላለፈ እተወዋለሁ ብዬ። ትናንት ክሩን ነካ። አንድ ቀን ምን ያደርጋል አልኩ። ዛሬ ጠዋት ጠጉሩን ስገልጥ ክሩ ከበሰበሰው ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ምርቃቱን አሁን ልጻፈው፤ ኋላ እጄ አይታዘዘኝ ይሆናል። ቤትሽ የሰላም ይሁን። መስኮትሽን ፀሐይ አይለፈው። የምትወጂውን ሰው የምታድኚበትን ሰዓት ፈጣሪ ያሳይሽ፤ ሲያሳይሽም እጅሽን ያበርታው። እንዳሰብሽው መጥተሽ ብትወስጂው ደጄ ክፍት ነው። ይህን አንብበሽ ለጊዜው አልመጣም ብትዪም አልቀየምሽም፤ ብቻ መልስሽን አትከልክዪኝ።

ብዕሩን አስቀምጬ ሄጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ።

የቆዳ ቢላዋዬን ስዬ በአልኮል ጠረግሁት። ሽማግሌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ጸለይኩ፤ ቢላዋውን ይዤ። ከክሩ በላይ ቆረጥኩ። መሐሉ ላይ ቡናማ ዓይን ነበረበት። ቢላዋውን ጠርጌ እንደገና ወደ ላይ ቆረጥኩ፤ ዓይኑ አነሰ እንጂ አልጠፋም። እዚያ ላይ እጄ ቆሞ ነበር፤ ብዙ የቀረ አይመስልምና። ሻጯ «ነጥብ እንኳ ቢቀር አይመኑት» ብላኛለች። እንደገና ቆረጥኩ። ንጹሕ ወጣ፤ እንደ ኪያር ውስጥ ነጣ ያለ አረንጓዴ።

የቀረው አንድ ስንዝር ነው። እናትሽ ባላደረገችው ጫማ ካርቶን ውስጥ ቁስሉ እንዲደርቅ አጋድሜዋለሁ፤ ከደረቀ በኋላ አፈር ላይ ቢቆም አዲስ ሥር ያወጣል ብላኛለች ሻጯ። ጫማውን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱንም። ማጠጫ ጣሳዬን ለልብስ ሰፊው ሰጠሁት፤ ምን ላድርግበት ሲለኝ አትመልስልኝ ብቻ አልኩት።

ቆርጬዋለሁ፣ ልጄ።

ጫማ ሰፊው አባትሽ