የእህታችን የዓይን ቆብ

ለወንድም ዓለሜ ለዓለምነህ፣ ጅቡቲ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው ያመመህ ወገብህስ ተሻለህ? ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይ? ይህን ሁሉ የምትጠይቅህ ከአጠገቤ የተቀመጠችው እማዬ ናት። «ከስቶም እንደሆነ ይንገረኝ፣ አይደብቀኝ» ብላሃለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። ክረምቱ ዘንድሮ በጊዜው ገብቶ የደሃና ወረዳ ገብስ ጥሩ ይዟል። ስልኩ አንዱን ቀን ሠርቶ ሌላውን ቀን ይጠፋል፤ የምነግርህም ነገር በተቆራረጠ መስመር የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወዳንተ በሚመጣው በሹፌሩ በሸጋው እጅ ይህን ወረቀት ልኬልሃለሁ።

ዓለሜ፣ ያየሁትን ነገር እኔ ራሴ ገና አላመንኩትም። ነገሩ የእህታችን የዓይናዲስ ነው። ልጅ ሆና ምድጃ ላይ ወድቃ ቀኝ ፊቷ ሲቃጠል፣ ጠባሳው ጉንጯን አጨማዶ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ጎትቶ እንዳስቀረው ታውቃለህ። ያ ዓይን ከዚያ ወዲህ ተከድኖ አያውቅም፤ ነፋስና አቧራ ሲገባበት፣ ሲያነባ የኖረ ዓይን ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጣለባት። አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ብትሄድ «ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ሰቆጣ ሂጂ» አሏት። ባሏ ካሤ ትንሿን ልጃቸውን ቤዛን ታቅፎ ይዟት መጣና እኔ ቤት አረፉ።

ዕድሏ ሆኖ ያን ሰሞን የዓይንና የፊት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ከባሕር ዳር ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል መጥተው ነበር። መሪያቸው ዶክተር ይሄይስ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ስሟን ጠይቀዋት «ዓይናዲስ» ስትላቸው፣ «ስምሽ እኛን ቀድሞ ደርሷል» ብለው ሳቁ። ዓይኗን በብርሃን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን ተዉት። ቆቡ መግጠም ካልቻለ ዓይኑ እየደረቀና እየቆሰለ ሄዶ ብርሃኑ ፈጽሞ እንደሚጠፋ ነገሩን።

እማዬ ይህን ስትሰማ ተነሣችባቸው። «ከእሳት የተረፈችልኝን ልጅ ዓይኗ ሥር ምላጭ አላስነካም! የቀረው ብርሃንስ ቢጠፋ?» አለች። ካሤም «እኔ ያገባኋት ይህን ፊት አይቼ ነው፤ ለመልክ ተብሎ እንዳትሠቃይብኝ» አለ። ዓይናዲስ የሁሉንም ሰማችና፣ «ፊቱ የእኔ ነው። ሕመሙንም የማውቀው እኔው ነኝ። ደግሞ መልኬ ቢያምርስ ምን አለበት? አልጠላም» አለች። ዕድሜ ልኳን ነጠላዋን በቀኝ በኩል ስባ ስትሸፈን እንጂ ስለ መልኳ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

እንግዲህ ስማኝ። ያጨማደደውን ጠባሳ ፈትተው ቆቡን ወደ ቦታው መለሱት። የጎደለውን ቆዳ ከጆሮዋ ጀርባ አንሥተው ዓይኗ ሥር ሰፉላት። ከዚያ ደግሞ ከሆዷ ስብ በቀጭን መርፌ ስበው ከጉንጯ ጠባሳ ሥር ጨመሩበት። ይህ የስብ ነገር ድሮ መልካቸውን ማሳመር ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሠራ ነበር፤ የተቃጠለ ቆዳንም እንደሚያለሰልስ ስለታወቀ ዛሬ እንደሷ ላሉትም ይሠራል ብለው ሐኪሙ አስረዱን። እማዬ «ታዲያ ሆዷ ሲወፍር ጉንጯም አብሮ ሊወፍር ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ እየሳቁ «ትንሽ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ» አሏት። እውነታቸውን ይሁን ሲቀልዱ አላወቅንም።

አዲሱ ቆዳ እስኪይዝ ድረስ የላይና የታች ቆቧን አንድ ላይ ሰፍተውት ሰነበተ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት አስደነገጠኝ፤ ቆዳው ጠቁሮ፣ ፊቷም አብጦ ነበር። ሐኪሙ ግን «ይዟል፣ ደም እየሄደበት ነው» ብለው ፊታቸው በራ። ከጆሮ ጀርባ የተነሣ ቆዳ ዓይን ሥር ሄዶ ሥር ሲሰድ እስቲ አስበው! እብጠቱ እየጎደለ፣ ቀለሙ እየተመለሰ መጣ። ስፌቱን የፈቱላት ቀን መስታወት ሰጧት። በጣቷ ጉንጯን ነካ ነካ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ለካ አንቺን ነው የምመስለው» አለቻት። እውነቷን ነው ዓለሜ፤ ቁርጥ እማዬን ናት። በዚያ ጠባሳ ምክንያት አንዳችንም አላየነውም ነበር።

እንዳልዋሽህ፣ ጠባሳው ፈጽሞ አልጠፋም። ብሌኑ ላይ ያለው ነጭም አለ፤ በዚያ ዓይን የምታየው በጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ነገር ግን ከእንግዲህ አይብስም፣ ማንባቱንም ተወ።

ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ምሳ በልታ መደቡ ላይ ጋደም አለች። እኔ ጓሮ ልብስ ሳጥብ እማዬ በቋንቋችን በኽምጣና እየጮኸች ስትጠራኝ ሮጬ ገባሁ። ዓይናዲስ ላይ ተደፍታ፣ መዳፏን የልጇ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሽ ትፈልጋለች። ከተቃጠለች ወዲህ አንድ ዓይኗ ሳይገለጥ ተኝታ አይተናት ስለማናውቅ፣ ሁለቱም ተከድነው ስታይ የሞተች መስሏት ነው። «ተኝታ እኮ ነው፣ እማዬ» አልኳት። እማዬ መሬት ቁጭ አለች። ከዚያ ማንም እንዳይናገር በእጇ ከለከለችና፣ ቤዛን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ልጇ በራሷ ጊዜ እስክትነቃ ድረስ ዓይን ዓይኗን ስታይ ዋለች።

እማዬ በእጅጉ ናፍቀሃት ጉንጭህን ትስምሃለች። ካሤ ሰላም ብሎሃል፤ ወደ ደሃና ተመልሶ አጨዳ ላይ ነው። ቤዛ ስምህን መጥራት ጀምራለች፣ «ዓለም» ትልሃለች። አክስታችን ሠርካለምም ጤናህን ትጠይቃለች። ፎቶ ልላክለት ብላት ዓይናዲስ እንቢ አለችኝ። «መጥቶ ራሱ ይየኝ» ብላሃለች።

እህትህ ጥሩአየሁ
ሰቆጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.