ከነቅርፊቱ የወሰድከው ግንድ

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿ የፊት ጥርሷን ነቅላ በፉጨት ነው የምታወራው። ድሮ ለሥራ ርቀህ ስትሄድ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። አሁን ናፍቆቱም ስለለቀቀኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ አልፋለሁ። እዚሁ ቁልቁል እያለህ በደብዳቤ መምጣቴ አይግረምህ፤ በአፍ ስንነጋገር መቼም አታስጨርሰኝም።

ከሁለት ወር በፊት ነው። ከቤቱ ጀርባ ካሉት ስድስት ጥዶች ሥር የተፈጨ ቡና የመሰለ ነገር ተደፍቶ አየሁ። ቡና የሚደፋ ማን ነው ብዬ ልጆቹን በከንቱ ተቆጣሁ። ጠረግኩት፤ በማግስቱ ደግሞ አለ። ጨነቀኝና የግብርና ባለሙያዋን አስጠራሁ። መጥታ ቅርፊቱን በቢላ ፈልቀቅ ስታደርገው፣ አንተ ሰው፣ ውስጡ መንገድ በመንገድ ሆኗል! ሩዝ የምታክል ጥቁር ጥንዚዛ ናት። ለካ ቡናው እሷ ስትቦረቡር የምታወጣው ብናኝ ነው።

«እትዬ፣ ስድስቱም አልቆላቸዋል» አለችኝ። «ይቆረጡ፤ ቅርፊታቸውን ልጠሽ አቃጥዪ። ቅርፊት ያለው ግንድ ግን ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። ሞቅ ያለ ዝናብ ሲጥል ጥንዚዛዋ ወጥታ አጠገቧ ባገኘችው ዛፍ ላይ ነው የምታርፈው።»

አስቆረጥኩ። ሁለቱን በገዛ እጄ ላጥኩ፤ መዳፌ እስኪላጥ። አራቱ ሲቀሩኝ ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ አስከትለህ ከተፍ አልክ። ጓዳ ሆኜ ልብስ እያጠብኩ በመስኮት አየሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ «ተው፣ በሽተኛ ነው!» ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ነው ለባለ ጋሪው ስትነግረው የሰማሁህ፦ «ራሴ የተከልኩትን ማንን አስፈቅዳለሁ? እሷ ማገዶ ነው የምታደርገው። ሴት ምን የዛፍ ታውቃለች!»

አፌን ዘጋሁ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ እኮ! ስንለያይ ሽማግሌዎቹ ፊት የታችኛውን መሬት ከነስድሳ ጥዱ የወሰድክባት ቃል ናት። እነሱም ጢማቸውን እየዳበሱ «እውነቱን ነው» አሉ። ጉድጓዱን ቆፍረሃል፣ አልክድህም። ትልቋን አርግዤ፣ ስድሳውንም ከምንጭ እየቀዳሁ ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ማን ጠየቀኝ? «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? ያን ቀን ፈረምኩና ዝም አልኩ። ቅዳሜም ዝም አልኩ። ስትጭን ሳሙናው ከእጄ አልወደቀም።

ማክሰኞ ባለ ጋሪው ውኃ ሊጠጣ ጎራ ብሎ አጫወተኝ። ግንዱን ለአዲሱ ቤትህ ጣራ ልታደርገው፣ እስኪደርቅ ከነቅርፊቱ በጥዶቹ መሃል ከምረኸዋል አሉ። ያንተ ነገር! «እንጨት ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል፤ የሚደርቀው በዛፍ ጥላ ነው፤ ቅርፊቱም ሲደርቅ ራሱ ይለቃል።» ሃያ ዓመት የሰማሁትን እንዴት እረሳለሁ?

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ረቡዕ ነበር። ያኔ ደርሶህ ቢሆን፣ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ልጦ ማቃጠል ነው። ትልቋ ልጅህ «እማዬ፣ ባለ ጋሪው ወደ አባዬ ሊወርድ ነው፤ ደብዳቤውን ልስጠው?» አለችኝ። ገና አልጨረስኩትም አልኳት። እሷም ወረቀቱን አየት፣ እኔን አየት አድርጋ ወጣች። አንተን ነው የምትመስለው ሲሉ እንዳታምን።

ዓርብ ዝናቡ ጣለ። እንዴት ያለ ሞቅ ያለ ዝናብ መሰለህ! ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈው።

ትናንት በአጥርህ ጥግ አለፍኩ። ጥዶቹ እንዴት አድገዋል! አንዱን በእጄ ዳበስኩት፤ ልቤ ቁርጥ አለ፣ አልዋሽህም። እኔ እንግዲህ አንድም ጥድ የለኝም።

ዛሬ ደብዳቤውን ጨርሻለሁ፤ ባለ ጋሪው ያደርስልሃል። ፈጣሪ ወገብህን ያበርታልህ፣ መጥረቢያህንም ይሳልልህ፤ ብዙ ሥራ አለብህ። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ ከዛፎችህ ሥር ቡና ተደፍቶ ብታይ አዲሷን ባለቤትህን እንዳትቆጣት። እሷ አይደለችም።

የልጆችህ እናት