ስምንቱ ቶሎ አልጠፋም

ታኅሣሥ 12፣ መርሳ

ዛሬ ጠዋት፣ ትናንት የተመለሰልኝን የሸህ ሰይድን የስኳር መለኪያ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከጭማቂ ቤት ባመጣሁት በረዶ ውስጥ ከትቼ ደግሜ ሞከርኩት። ሲበራ መጀመሪያ ሁሉም ቦታ ስምንት ይጽፋል፣ ከዚያ ትክክለኛው ቁጥር ይመጣል። ስምንቱ እስኪጠፋ አምስት ቆጠርኩ።

ባለፈው ሳምንት ስጠግነው የስክሪኑ ቁጥር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚበራና እንደሚጠፋ በኮምፒውተር አስልቼ፣ በብርሃን መለኪያም ፈትሼው ነበር። ልክ እንዳሰላሁት ሆነና ኮራሁ። ግን የፈተሽኩት እዚህ መርሳ፣ በቀትር፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ነው። እሳቸው የሚኖሩት ደጋ ላይ ነው፤ የሚለኩትም ሊነጋ ሲል፣ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበርደው እንደሚዘገይ ጠፍቶኝ አይደለም። አላሰብኩትም።

ልጃቸው ዘይነብ ስኳራቸው ከሰባ በታች ከሆነ እንዳትወጋቸው ተነግሯት ነበር። መለኪያው የመዘገበውን ስልሳ ስድስት፣ የስምንቱ ሰረዝ ገና ሳይጠፋ፣ ሰማንያ ስምንት ብላ አንብባ ኢንሱሊኑን ወጋቻቸው። ወልድያ ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ቀናቸው፤ አልነቁም።

ከሰዓት ሱቄ መጣች። «ወንድሜ፣ አንተማ አሳምረህ ሠርተኸው ነበር። የኔ ዓይን ነው አባቴን የበላው» አለችኝ።

መነጽር የሚሸጥበትን ቤት ጠየቀችኝ። አሳየኋት።