ወንዝ የማትሻገረው ፉል ኦፕሽን መኪናችን

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን፣ ሸዋ ሮቢት። ከጠዋቱ የተረከብኩት፦ ሽንኩርት 31 ጆንያ፣ ማሾ 8 ኩንታል፤ ከሽንኩርቱ ሁለቱ ጆንያ ውስጡ ስለበሰበሰ ለባለቤቱ መለስኩ። የዕለት ማስታወሻዬን በዚህ ዘግቼ፣ በቀረው ገጽ የሚከተለውን ጻፍኩ፤ ገልብጬም በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

ለተከበሩ አቶ ፀጋዬ
የወዲህና የወዲያ ማዶ መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሷ መኪና ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛን የጠበሰን የግንቦት ሙቀት እርስዎን እንዳልነካዎት፣ ባለፈው ሐሙስ በእድሩ መኪና መስኮቱን ዘግተው በአስፋልቱ ሲያልፉ አይቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እጄን ባነሳልዎትም መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ አጸፋውን መልሰውልኝ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም፤ መልሰውልኛል ብዬ ግን አምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት መቅደስ የምትባል የማዶ ጎረቤታችን ምጥ ይዟት፣ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ልጇንም የተገላገለችው ወንዙ ዳር፣ አሸዋ ላይ፣ ዣንጥላ ተይዞላት ነው። እናትም ልጅም ተረፉ፤ እኛ ግን ደነገጥን። በዚያው ሳምንት እድራችን ተሰብስቦ፣ በሽተኛና ወላድ ከማዶ የምታሻግር ባለ ፎር ዊል መኪና ትገዛ ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ምርጫውንም ለእርስዎ አደራ ሰጠ።

ሻጩ አንዷን መኪና በሦስት ደረጃ ነበር ያቀረበልዎት፦ ስታንዳርድ፣ መካከለኛና ቅንጦቱ ሁሉ የተሟላላት ፉል ኦፕሽን። ስታንዳርዷ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ወፍራም፣ ውኃ እንዳይገባባት አየር የምትስብበት ቱቦ እስከ ጣሪያዋ የወጣ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ኖሯት በመካከሉ ቃሬዛ የሚዘረጋባት፣ ወለሏም በባልዲ ውኃ የሚታጠብ ናት። እርስዎ ፉል ኦፕሽኗን መረጡልን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጣሪያዋ ስለሚከፈት። ለምርጫው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሾፌራችንን አስፋውን ትተው የሰርግ ካሜራማኑን ደሳለኝን ይዘው መሄድዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ደሳለኝ ራሱ በኩራት እንደነገረን፣ መኪናዋ በቆመችበት ከነካሜራው በጣሪያዋ እስከ ደረቱ ብቅ ብሎ «ጋሼ ፀጋዬ፣ ይቺ ናት! ሚዜዎቹን አንድ ሳይቀር ካሜራ ውስጥ ታስገባለች!» ሲል ምርጫው እዚያው ተጠናቀቀ። ለሰርግ እየተከራየች ለእድሩ ገቢ እንደምታስገኝ ገልጸውልናል። የመጀመሪያው ሰርግ እሑድ ግንቦት 17 የሚደረገው የልጅዎ የናትናኤል መሆኑና እሱም ለማስተዋወቂያ ሲባል በነጻ መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ብሎናል። ክፍት ጣሪያ ለወላድ ምን ይጠቅማል ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ ግን፣ ምጥ የያዛት ሴት ፈጣሪዋን መጣራቷ ስለማይቀር በመካከላቸው ቆርቆሮ አለመኖሩ ደግ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

2. ስለ ወንበሮቿ። ከኋላ ሁለት ነጫጭ የቆዳ ወንበሮች ተራርቀው ተተክለዋል፤ በመካከላቸውም አነስተኛ ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ከማማርር ብዬ፣ አስፋውን አስፈቅጄ እኔው ራሴ ገብቼ ተጋደምኩ። ወገቤ ሳጥኑ ላይ ዋለ፤ ጭንቅላቴ የማርሹን ዘንግ ነካ፤ እግሮቼ በኋላ በር ወጥተው ለመንገደኛ ሰላምታ ሰጡ። በመኪናችን ለአራት ጠርሙስ ለስላሳ አልጋ ተገኝቷል፤ ለአንዲት ወላድ ግን አልተገኘም። የወንበሮቹ ላስቲክ እስከ ሰርጉ ድረስ እንዳይነሳ ማዘዝዎንም ሰምቻለሁ። እስከዚያው የሚታመም ሰው ሳያልበው እንዲታመም አሳስባለሁ።

3. ስለ አየር ማቀዝቀዣዋ። እዚህ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። በእኛ ቆላ ይህን የሚጠላ ሰው ቢኖር ሙቀቱን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው።

4. ስለ ጎማዋና ስለ መርገጫዋ። ጎማዋ ስስ፣ ቸርኬዋም እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነው፤ በሯ ሲከፈት ደግሞ መርገጫው ብቻውን ይዘረጋል። ባለፈው ቅዳሜ አስፋው በማዶ ነዋሪዎች ልመና ወንዙ ላይ ሞከራት። ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። መኪናዋ ግን አሸዋው መሃል ደርሳ ቁጭ አለች። አስፋው ሊያያት በሩን ሲከፍት መርገጫው ተዘርግቶ አሸዋ ውስጥ ተቀበረና አልታጠፍም አለ፤ መርገጫው ካልታጠፈ ደግሞ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። በዚህ መሃል ከድምፅ ማጉያዋ የምታስጠነቅቀው ሴትዮ በማናውቀው ቋንቋ ትቆጣ ጀመር። ድምጿ የትልቅ ሰው ስለሆነ አስፋው «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» እያለ ቢለምናትም ዝም አላለችም። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሳልህ በሬዎቹን ጠምዶ መጣና መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ «ወላሂ፣ ሙሽሪት ደክሟታል! ግድ የለም፣ በሬዎቼ ሚዜ ይሆኗታል» ብሎ ጎትቶ አወጣት። ያን ዕለት ማዶ የሳቀው ሕዝብ እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ ስለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልዎት። ልጄ ብርቱካን ማዶ አግብታ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም በሐምሌ ትወልዳለች። ሮቢ በሐምሌ ምን እንደሚመስል እርስዎም ከልጅነትዎ ያውቁታል። እንደ ወጉ ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እኔ መምጣት ነበረባት፤ አማቷ ግን አልጋ ይዘዋልና ጥያቸው አልመጣም አለችኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ የመለሰችልኝ አንድ ቃል ነው፦ «እማዬ፣ እድሩ መኪና ገዝቶ የለም እንዴ? ምን ያስፈራሻል?» እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የተበላሸ ዕቃ ሲደርሰኝ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ሻጩን በስልክ አነጋግሬዋለሁ። መኪናዋ የታርጋ ሰሌዳ ካልተለጠፈባት፣ እስከ ዓርብ ግንቦት 15 ድረስ ፉል ኦፕሽኗን ተቀብሎ ስታንዳርዷን ይሰጠናል፤ ልዩነቱንም ይመልሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ለሰርጉ እንድትደርስ ሰኞ ሰሌዳ ሊያስለጥፉባት መሆኑን ሰማሁ። ሰሌዳ ከተለጠፈባት በኋላ ሙሽሮቹ በአስፋልቱ ላይ ያምራሉ፤ ልጄም ወንዙ ዳር ቆማ ታያቸዋለች።

ስለዚህ የማዶ አባላት የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባው በእነሱ ሰፈር እንዲሆን ጠይቀዋል፤ ምክትልዎ እትዬ አበበችም ፈቅደዋል። እርስዎም እንደ ሊቀ መንበርነትዎ በእድሩ መኪና እንዲመጡልን በታላቅ አክብሮት እንለምናለን። መኪናዋ እርስዎን ይዛ፣ ጫማዎ ሳይረጥብ ከተሻገረች፣ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጄ ቀድጄ አነሳለሁ፤ በሰርጉም ላይ ወገቤ እስኪቆረጥ እጨፍራለሁ። ካልተሻገረች ግን ልውውጡን እዚያው ድምፅ ሰጥተን እንወስናለን፤ እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።

ለእድሩ ታማኝ፣ ለእርስዎ አክባሪ፣ ለወንዙ ደግሞ ፈሪ ሆኜ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው፣ ልብዎንም እስከ ዓርብ እንዲያለሰልሰው እየተመኘሁ፤

ውባለም
የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለሾፌራችን ለአስፋው
ለሳልህ፣ ከነበሬዎቹ

ማሳሰቢያ፦ ሊቀ መንበር ያለ ማጓጓዣ ወንዝ ዳር እንዲቀር ሕሊናዬ ስላልፈቀደ፣ እሑድ ለመጠባበቂያ የምትሆን በቅሎ ተከራይቼልዎታለሁ። በቅሎ የምትመጣው በአንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ የሚመርጡት ነገር የለም። ኮርቻዋ ግን ትንሽ ተቀዷልና ነገ ጠዋት ወደ ኮርቻ ሰፊው ወደ ሸሪፍ ወስጄ አሰፋዋለሁ።